ፕሌይስቴሽንና ኮምፒውተር በቡና አገር ከተሞች፦ የጨዋታ መቅለል የሚያስገኘውና የሚያሳጣው

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በገበያ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ከጠባብ ክፍሎች የሚወጣ የስታዲየም ጩኸት መስማቱ የተለመደ ነው። ድምፁ የሚወጣው ግን ከስታዲየም ሳይሆን «ፕሌይስቴሽን ቤት» በሚል መጠሪያ ከሚታወቁት የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ማጫወቻ ክፍሎች ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የተቀመጠ ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ አግዳሚ ወንበር ለዚህ ሥራ መነሻ ካፒታል ይሆናሉ። ክፍያው የሚታሰበው በጨዋታ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ወገን ነው።

በአንጻሩ በ1999 ዓ.ም በተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ወጣቶች የጨዋታ መሣሪያው ለትምህርት የያዙት ላፕቶፕ ወይም የእጅ ስልካቸው ነው። በመሆኑም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚራራቁት በሁለቱ የቡና ከተሞች አንድ ትውልድ በሁለት ዓይነት መሣሪያ ሲጫወት ይታያል። አንዱ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ኮንሶል ነው። ሌላው ደብዳቤም፣ ሒሳብም፣ ትምህርትም፣ ጨዋታም የሚስተናገድበት ኮምፒውተር ነው።

ጉዳዩ ተራ የመዝናኛ ወሬ ቢመስልም ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የትምህርት ቤቶችን አካባቢ ከአዋኪ ተግባራት የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበትና ለሥራ አጥ ወጣቶች የሥራ መስክ የሚፈልገው አካል እነዚህን ቤቶች በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ማየቱ አይቀርም። በልዩ ልዩ የአገሪቱ ከተሞች በትምህርት ቤቶች አቅራቢያ የሚገኙ የጨዋታ ቤቶችን የማሸግ እርምጃ በየጊዜው ሲወሰድ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ወጣቱ ምን እንደሚጫወትና ያንኑ ጨዋታ ለምን እንደመረጠ ሳይታወቅ የሚሰጥ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ግቡን ሲስት ይስተዋላል።

የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት

ኮንሶል አምራቹ አንድ ጊዜ ወስኖ የሚያወጣው መሣሪያ ነው። ገዥው በውስጡ ያለውን አካል እንደፈለገ መለወጥ አይችልም፤ ጨዋታ የሚያዘጋጁ ኩባንያዎችም በላዩ ላይ የሚሸጡት በአምራቹ ፈቃድ ነው። በምላሹ ተጠቃሚው ምንም ዕውቀት ሳይጠየቅ ሰክቶ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ በመሸጥ በቤት ኮንሶሎች ታሪክ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘውም በዚሁ ቀላልነቱ ጭምር ነው።

ኮምፒውተር ግን ክፍት መሣሪያ ነው። አካሉን በየጊዜው ማሻሻል፣ የጨዋታውን ፋይሎች ከፍቶ መለወጥ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ ጨዋታ መሥራት ይቻላል። ትእዛዝ የሚሰጥበት ኪቦርድ 100 ያህል ቁልፎች አሉት፤ ከዚህም ላይ ማውሱ ይጨመራል። ጆይስቲክ በአንጻሩ በሁለት እጅ አውራ ጣትና አመልካች ጣት የሚደረስባቸው ጥቂት ቁልፎች ብቻ አሉት። ተጫዋቹም ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በማያ ገጹ ላይ ደቃቅ ጽሑፍና ረጅም ሠንጠረዥ ማንበብ ያስቸግረዋል።

ይህ የአካል ልዩነት በጨዋታዎቹ ይዘት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በዓለም ዙሪያ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ ጎልቶ የታየውም «ሮል ፕሌይንግ ጌም» በሚባሉት፣ በአማርኛ የሚና ጨዋታ ልንላቸው በምንችለው ዘርፍ ነው።

የሚና ጨዋታ አመጣጥ

በሚና ጨዋታ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተረክቦ ችሎታውን ያሳድጋል፣ መሣሪያውን ይመርጣል፣ ከሌሎች ጋር ይነጋገራል፣ የውሳኔውንም ውጤት ይቀበላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። የዚህ ጨዋታ ስሌት ብዙ በመሆኑ ኮምፒውተር ሥራውን ለመረከብ ጊዜ አልወሰደበትም። እ.ኤ.አ. በ1981 «አልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» የተባሉ ሁለት ጨዋታዎች ለኮምፒውተር ወጡ። በ«አልቲማ» የኪቦርዱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ለማጥቃት፣ ለመክፈት፣ ለመሳፈርና ለመሳሰሉት የተለያዩ ትእዛዞች ያገለግሉ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ማቅለል የመጣው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ለፋሚኮም ኮንሶል የወጣው «ድራጎን ኩዌስት» ከሁለቱ የአሜሪካ ጨዋታዎች ሐሳብ ወስዶ፣ በአንድ አቅጣጫ መስጫና በጥቂት ቁልፎች ብቻ ሊጫወቱት በሚቻል መልክ አቀረበው። ቡድን በመምራት ፋንታ አንድ ጀግና ሆነ። ውጊያውም አንድ ለአንድ ሆነ። የኮምፒውተር ተጫዋቾች ይህን እንደ ጉድለት ሊያዩት ቢችሉም፣ ጨዋታው ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅን የጃፓን ሕፃን ወደ ዘርፉ ያስገባ በር ሆኖ አገልግሏል።

የመቅለሉ ሂደት በቁጥር ሲታይ

ክርክሩ የተጋጋለው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ትልልቅ የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጆች ለኮንሶልም አብረው መሥራት ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዴየስ ኤክስ» ተጫዋቹ ክህሎቶቹን በነጥብ እንዲያሳድግ የሚጠይቅና ሰፋፊ ስፍራዎች የነበሩት ጨዋታ ነበር። በ2003 የወጣው ተከታዩ ክፍል ግን ለኤክስቦክስ ኮንሶልም ጭምር የተሠራ ነበር። የኮንሶሉ የማስታወሻ አቅም 64 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ስፍራዎቹ ጠበቡ። የክህሎት ሥርዓቱ ቀረ፤ ለሁሉም መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ እንዲሆንም ተደረገ። ነባር ተጫዋቾች ቅሬታቸውን በከፍተኛ ድምፅ ያሰሙትም በዚህ ጊዜ ነው።

«ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተሰኘው ተከታታይ ጨዋታ ሂደቱን ይበልጥ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» 27 ክህሎቶች ነበሩ፤ በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን» ወደ 21፣ በ2011 በወጣው «ስካይሪም» ደግሞ ወደ 18 ዝቅ ብለዋል። ጥንካሬ፣ ብልህነትና ቅልጥፍና የመሳሰሉት 8 መሠረታዊ ባሕርያትም በመጨረሻው ክፍል ቀርተው በጤና፣ በአስማት ኃይልና በጽናት ብቻ ተተክተዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ ተጫዋቹ የሚሄድበትን ስፍራ የሚያገኘው የተነገረውን አቅጣጫ በማስታወሻው ውስጥ አንብቦ ነበር። ኋላ ላይ ግን የት መሄድ እንዳለበት የሚጠቁም ምልክት በማያ ገጹ ላይ ሆኖ ይመራው ጀመር። ውጤቱ በገበያ ረገድ አስገራሚ ነበር፤ «ስካይሪም» እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተገልጿል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ለማቅለል የሚያስገድዱ ምክንያቶች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ነው። የቁልፎች ማነስ፣ የማስታወሻ አቅም ውሱንነትና የማያ ገጹ ርቀት ከመሣሪያው የሚመነጩ ናቸው። ሌላው ግን ኢኮኖሚያዊ ነው። የምስልና የድምፅ ጥራት ባደገ ቁጥር የአንድ ጨዋታ ማምረቻ ወጪ ስለሚንር፣ አዘጋጁ ወጪውን ለመመለስ ጥቂት አዋቂዎችን ሳይሆን ብዙ ጀማሪዎችን ማግኘት ይኖርበታል።

ተጠያቂው ኮንሶል ብቻ ነውን?

በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በኮንሶል ላይ መጣል ከእውነታው ጋር አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1996 ማብቂያ ለኮምፒውተር የወጣው «ዲያብሎ» የሚና ጨዋታን በማውስ መንካት ብቻ ወደሚካሄድ ፈጣን ውጊያ የለወጠ ሲሆን፣ ይህን ያደረገው ያለ ኮንሶል ግፊት ነው። በሌላ በኩል በ2011 በመጀመሪያ ለኮንሶል የወጣው «ዳርክ ሶውልስ» ለተጫዋቹ እምብዛም ማብራሪያ የማይሰጥ፣ በከባድነቱም የታወቀ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ብዙ ሚሊዮን ገዥዎችን አግኝቷል።

ይበልጥ ወሳኙ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የታየው ነው። መቀመጫውን በቤልጅየም ያደረገው ላሪያን ስቱዲዮስ ያዘጋጀው «ባልዱርስ ጌት 3» በዳይስ ስሌት፣ በተራ በሚካሄድ ውጊያና በብዙ የንግግር አማራጮች የተሞላ ውስብስብ ጨዋታ ነው። በነሐሴ ወር ለኮምፒውተር፣ በመስከረም ለፕሌይስቴሽን 5 ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል። ለጆይስቲክ ሲዘጋጅ የተለወጠው ትእዛዝ የሚሰጥበት ገጽ እንጂ የጨዋታው ጥልቀት አይደለም። የመሣሪያ አቅም ጉዳይ ግን ዛሬም አልጠፋም፤ ለኤክስቦክስ የወጣው እስከ ታኅሣሥ ዘግይቶ ሲሆን፣ በወጣበት ጊዜ አነስተኛ አቅም ባለው የኤክስቦክስ ሞዴል ላይ ማያ ገጹን ለሁለት ከፍሎ መጫወት እንዲቀር ተደርጎ ነበር።

የገበጣ ምሥክርነት

ቅለትና ጥልቀት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ለማስረዳት ወደ ውጭ አገር መሄድም አያስፈልግም። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ የሚፈልግ፣ ደንቡንም ሕፃን በአጭር ጊዜ የሚለምደው ጨዋታ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ቆጥሮ የሚያሰላ ተጫዋች ጠጠሩን ዝም ብሎ ከሚዘራ ተጫዋች ጋር እኩል አይሆንም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች ከነደንቦቻቸው መዝግበዋል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዚህ ጨዋታ ዓይነቶች ባለ ሦስት ረድፎቹ የዚህ አካባቢ መለያ ናቸው።

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን ወደ እጅ ስልክ ያመጣ ሲሆን፣ ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን «ኩኩሉ» የተሰኘ ጨዋታም ሠርቷል። እነዚህ ጨዋታዎች የሚያስገነዝቡት ኢትዮጵያዊ ወጣት የጨዋታ ሸማች ብቻ ሳይሆን አምራችም መሆን እንደሚችል ነው። ጨዋታዎቹ የሚሠሩት ግን በኮንሶል ላይ ሳይሆን በኮምፒውተር ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በሚዛንና በቴፒ ጨዋታውን የመረጠው ማን ነው?

በፕሌይስቴሽን ቤቶች ከሚና ጨዋታ ይልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ የነገሠው ወጣቱ ውስብስብ ነገር ስለማይወድ ነው የሚል አስተያየት ሲሰነዘር ይደመጣል። ነገሩ በቅርበት ሲታይ ግን ጨዋታውን የመረጡት ሌሎች ሁኔታዎች መሆናቸው ይታያል።

የመጀመሪያው የክፍያ ስልቱ ነው። በጨዋታ የሚከፈልበት ቤት የሚያዋጣው ጨዋታው በደቂቃዎች ውስጥ አልቆ አሸናፊና ተሸናፊ ሲለይ ነው። የሚና ጨዋታ በአንጻሩ አሥር ሰዓታትን አልፎ ብዙ ጊዜ 50 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚወስድ፣ ተጫዋቹም ያቆመበትን ስፍራ ለራሱ አስቀምጦ በሌላ ቀን የሚቀጥለው ነው። ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት አንድ መሣሪያ ላይ ይህን ማድረግ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ የአሥር ደቂቃ የእግር ኳስ ግጥሚያ ቢቋረጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሳይቀመጥ የቀረ የሁለት ሰዓት ጉዞ ግን ከመጀመሪያው ይደገማል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ከኮንሶል የተሻለ ዕድል አለው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ቃል ሳይነበብ ይገባል። የሚና ጨዋታ ግን ታሪኩም፣ ትእዛዙም፣ ምርጫውም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ትልቅ የሚና ጨዋታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በቤንችኛ፣ በሸክኛ ወይም በካፊኛማ ጥያቄውም የሚነሳ አይደለም። ይህ የፊደል ችግር አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ቆይቷል። አራተኛው ደግሞ የግዥ መንገድ ነው። ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚሸጡባቸው ገበያዎች ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ብዙው ተጠቃሚ ተባዝቶ በእጅ የሚዘዋወረውን ቅጂ ይጠቀማል። ይህም በ1996 ዓ.ም ከወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጋር የሚጋጭ ነው።

የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ የመጀመሪያውን ነጥብ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያች አገር የተስፋፉት «ፒሲ ባንግ» የተባሉት የጨዋታ ቤቶች ኮምፒውተር የሚያከራዩት በሰዓት ሒሳብ ነው። በመሆኑም በ1998 እንደ ወጣው «ሊኔጅ» ያሉ ረጅም የሚና ጨዋታዎች በእነዚሁ ቤቶች ውስጥ ሊያብቡ ችለዋል። የክፍያ ስልት ለውጥ የጨዋታውን ዓይነት ሊለውጥ እንደሚችል ይህ በቂ ማሳያ ነው።

የክልከላ ትምህርት

በመንግሥታት የተወሰዱ የክልከላ እርምጃዎች ያስገኙት ውጤትም ሊጤን ይገባዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2000 የኮንሶል ምርትና ሽያጭን ከልክላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ከ2014 ጀምሮ አንስታዋለች። በነዚያ ዓመታት ወጣቱ መጫወቱን አልተወም፤ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ኢንተርኔት ካፌ አመራ እንጂ። ደቡብ ኮሪያም በ2011 ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ ብታወጣም፣ ጨዋታው ወደ እጅ ስልክ በመዛወሩና ቁጥጥሩን ለቤተሰብ መተው ስለታመነበት ሕጉ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል።

ይህ ሲባል ግን ሥጋት የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን እንደ ጤና ችግር አካትቷል። ምደባው ግን ጨዋታን ሁሉ አይመለከትም። የሚመለከተው ተጫዋቹ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከትምህርት፣ ከሥራና ከቤተሰብ ሲቀድምበትና ጉዳት እያስከተለበትም መቀጠሉ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባ ታዳጊ ከትምህርት ገበታ ርቆ ቀኑን በጨዋታ ቤት ሲያሳልፍ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ ትኩረት ይሻል።

ከቡናው የሚገኝ ምሳሌ

ማቅለል መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ ለመለየት የአካባቢው ኅብረተሰብ ከማንም በላይ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ቀዩን የበሰለ ቡና እየለዩ መልቀም አድካሚ ነው። ከቅርንጫፉ አረንጓዴውንም ቀዩንም አብሮ ማራገፍ ሥራውን ያቀላል። ሆኖም የቀለለው ለቀማ የጥራት ደረጃውን ይዞት ይወርዳል፤ ገበሬውም ልዩነቱን በዋጋው ላይ ያየዋል።

በግብይቱም በኩል ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረና የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ከወጣ በኋላ፣ ቡና በመነሻ አካባቢና በደረጃ ተመድቦ በጥቅል እንዲሸጥ ተደረገ። አሠራሩ ግብይቱን ቀላልና ፈጣን አድርጎታል። ነገር ግን ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማወቅ የሚፈልጉ ገዥዎች መረጃው ጠፋብን የሚል ቅሬታ አቀረቡ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የምርቱን ምንጭ መከታተል የሚቻልበትን መንገድ የከፈተውም በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በጨዋታ አዘጋጆች ዘንድ ከታየው ጋር አንድ ነው። አላስፈላጊ ድካምን ማንሳት ተገቢ ነው። ተጠቃሚው የሚመርጥበትን መረጃ አብሮ ማንሳት ግን ጥቂት ቆይቶ መልሶ መሥራትን ያስከትላል። አገልግሎቱን በኮምፒውተር ለማቅለል የሚተጋ መሥሪያ ቤትም ቅጹን ከማሳጠሩ በፊት የሚቀረው ጥያቄ ድካም ነው ወይስ ምርጫ ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከአስተዳደር አካላት የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሳት ለከተማ አስተዳደሮች የሚበጀው መንገድ ማሸግን ብቻ ወይም ዝም ማለትን ብቻ መምረጥ አይሆንም። በቅድሚያ የጨዋታ ቤቶችን ከትምህርት ቤት ያላቸውን ርቀት፣ በትምህርት ሰዓት ዝግ መሆናቸውን፣ የክፍሉን ብርሃንና አየር እንዲሁም ገንዘብ አስይዞ መወራረድ መኖር አለመኖሩን በፈቃድ መስፈርትነት ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እነዚህ በዓይን ታይተው የሚረጋገጡ ነገሮች በመሆናቸው ለቁጥጥር አያዳግቱም።

በሁለተኛ ደረጃ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጠው የብድርና የመሥሪያ ቦታ ድጋፍ ከኮንሶል ጎን ጥቂት ኮምፒውተሮችን የሚያካትት ሥራን ቢያበረታታ፣ ያው ክፍል ቀን የጽሕፈትና የማመልከቻ አገልግሎት፣ ከትምህርት በኋላ የኮምፒውተር ልምምድ፣ ማታ ደግሞ የመዝናኛ ስፍራ መሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ኮምፒውተር በቤቱ ለሌለው የሚዛን ወይም የቴፒ ወጣት እንዲህ ያለ ክፍል መግቢያ በር ሊሆነው ይችላል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎች በማኅበረሰብ አገልግሎት መርሐ ግብር ቢታከሉበት ደግሞ የአካባቢው ተረት፣ የቡና አገር ታሪክና ገበጣው ራሱ በአገር ቋንቋ ጨዋታ የሚሆኑበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ ማዕከላት ሆነዋል። ከተሞቹ ሲያድጉ የወጣቱ ቁጥርም፣ የመዝናኛ ፍላጎቱም አብሮ ያድጋል። ወጣቱ ቀላል ጨዋታ መጫወቱ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ከቀላሉ በቀር ሌላ የሚመርጠው ሲያጣ ነውና፣ ፈቃድ የሚሰጠው አካል በማኅተሙ ሥር የሚያስቀምጠው መስፈርት ይህን ምርጫ የሚያሰፋ ቢሆን ለነገው ትውልድ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል።